ዓይን የሚይዘውና ዓይን የሚጥለው
በመካኒሳ፣ በዞማ ግድግዳዎች ፊት የታሰበ ሂስ

መርካቶ ውስጥ ወይም በአንዱ የታክሲ መናኸሪያ ጥግ፣ ሦስት ካርታ ይዞ ከተቀመጠ አጭበርባሪ ፊት ቆሞ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። ሁለቱ ካርታዎች ጥቁር፣ አንዷ ቀይ ናት። ሰውዬው ካርታዎቹን በካርቶን ላይ ያገላብጣል፤ «ቀይዋን ያየ!» እያለ ይጮሃል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ቀይዋን አይቷል። ማየቱንም ይምላል። ብሩን ያስይዛል። ካርታዋ ስትገለበጥ ግን ጥቁር ሆና ትገኛለች። እርግጥ ነው፣ የሰውዬው እጅ ያታልላል፤ ግብረ አበሮቹም ከጎን ሆነው ያሟሙቃሉ። ዳሩ ግን ጨዋታው የቆመው በእጁ ፍጥነት ብቻ አይደለም። እኛ ስለ ገዛ ዓይናችን ባለን የተጋነነ እምነትም ላይ ነው። «ሦስት ካርታ መከታተል ደግሞ ምን ያቅታል?» ብለን ነው ኪሳችን የምንገባው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቁማር ለመጻፍ አይደለም። ነገሬ ስለ ሥዕል ነው። በይበልጥም ስለ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ሥራዎች፣ እንዲሁም እርሱና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ላይ ስላቆሙት ስለ ዞማ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ በሩን ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል፤ አብዛኛውም ምስጋና ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። እኔ ግን ዛሬ መጠየቅ የምሻው ሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ እዚያ ገብተን የወጣን ሰዎች ምን ይዘን ወጣን?

ጥያቄውን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ዞማን ለመጀመሪያ ጊዜ ካየሁ በኋላ ለወራት ያህል ቡና በተጠጣበት ሁሉ ስለ እርሱ አውርቻለሁ። ስለ ጭቃው፣ ስለ ጭዱ፣ ግድግዳው ላይ ስለሚጠማዘዘው ጌጥ የማልለው አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ታዲያ አንድ ወዳጄ በንግግሬ ታከተ መሰለኝ፣ ወረቀትና እርሳስ አቀበለኝና «ይህን ያህል ካየኸው እስቲ ሣለው» አለኝ። ልብ በሉ፣ ሠዓሊ አይደለሁም፤ የጠየቀኝም ውበት አልነበረም። ምን የት እንደነበር ብቻ ነው። አንድ የግድግዳ መስመር ሠራሁ። አንድ ጥምዝ ጨመርሁበት። በር አቆምሁ። ከበሩ አጠገብ ዛፍ ተከልሁ። ከዚያ በኋላ እርሳሱ ቆመ። ወራት ሙሉ የለፈለፍሁለት ግድግዳ አራት ነገር ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ወረቀቴን ይዤ ወደ መካኒሳ ተመለስሁ። የባሰው የመጣው ያን ጊዜ ነው። የሣልሁት ጥምዝ በተከልሁበት ቦታ የለም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ከሌላ ግድግዳ፣ ምናልባትም ከራሴ። ሂስ ጸሐፊ ነኝ ብሎ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ አንድ ሥራ ፍርድ የሚሰጥ ሰው፣ ፍርዱን የሚሰጠው በሥራው ላይ ነው ወይስ ከሥራው በተረፈለት ቁራጭ ላይ?

ነገሩን ከሥነ ልቦና ሊቃውንት ጥናት ጋር ሳነጻጽረው ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጆርጅ ስፐርሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎችን አስቀምጦ በሦስት መስመር የተደረደሩ 12 ፊደላትን ለሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ብልጭ አድርጎ አሳያቸው። ሰዎቹ ሁሉንም አየን ይላሉ፤ ሲጠየቁ ግን የሚናገሩት አራት ያህሉን ነው። ስፐርሊንግ ቀጥሎ ያደረገው ብልሃት የሚያስደንቅ ነው። ፊደላቱ ከጠፉ ወዲያው በድምፅ ምልክት «የላይኛውን መስመር ብቻ» ወይም «የታችኛውን ብቻ» ብሎ ጠየቃቸው። ከተጠየቁት መስመር፣ የትኛውም ይሁን፣ ከአራቱ ሦስት ያህሉን መናገር ቻሉ። ይህ ማለት ሥዕሉ ለቅጽበት ያህል ከሞላ ጎደል ሙሉውን በውስጣቸው ነበረ ማለት ነው። ምልክቱ አንድ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ ግን ያ ሁሉ ይጠፋል። ዓይን ብዙ ያያል፤ የሚይዘው ጥቂት ነው።

ምን ያህል ጥቂት? እ.ኤ.አ. በ1997 ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮግል «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ባለቀለም አራት ማዕዘኖችን ለቅጽበት ያሳዩና፣ አንድ ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ይሰውሩና፣ መልሰው ሲያሳዩ «የተለወጠ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እስከ ሦስትና አራት ድረስ ሰው አይሳሳትም ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን መልሱ ግምት እየሆነ ይሄዳል። ከዚህም ጋር አንድ ጠቃሚ ነገር አገኙ። የሚታየው ነገር ቀለምም፣ መጠንም፣ አቅጣጫም ቢኖረው፣ እነዚህ በአንድ አካል ላይ ከተጣመሩ ዓይን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ተከራክረዋል። ለምሳሌ ፖል ቤይስና ማሱድ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሉት ነገሩ አራት መሳቢያ እንዳለው ቁም ሣጥን ሳይሆን እንደ አንድ እንጀራ ነው ለማለት ይቻላል። ለብዙ ሰው ሲቆረስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፤ የሚታየው ነገር በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ምስል ይደበዝዛል። መሳቢያም ይሁን እንጀራ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አለ። ማዕዱ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ኤልያስ ስሜ ሥራ እንመለስ። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት የተመረቀ ሠዓሊ ነው። በጨርቅ ላይ በክር እየሰፋ፣ ቁልፍና የተጣለ ፕላስቲክ እየሰበሰበ ብዙ ሠርቷል። በዓለም ዙሪያ ይበልጥ ያሳወቀው ግን «ታይትሮፕ»፣ በእኛ አነጋገር «የተወጠረ ገመድ» የተባለው ተከታታይ ሥራው ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ከመሳሰሉ ቦታዎች የሚገኘውን የኮምፒዩተርና የስልክ ውስጠኛ ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሰበስባል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉናል። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይመታዋል። ሰሌዳዎቹም ተገጣጥመው ግድግዳ ያህላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ሃሚልተን ኮሌጅ በሚገኘው ዌሊን ሙዚየም በዚሁ ስም ትልቅ ትርኢት ቀርቦለታል።

እንግዲህ አስቡት። አራት የሚይዝ ዓይን ይዘን የምንቆመው በሺህ ቁርጥራጭ ፊት ነው። ደግሞም የነገሩ ምፀት እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሰሌዳዎች በአንድ ወቅት የማሽን ትውስታ ነበሩ። የሰው ፎቶግራፍ፣ የሰው ደብዳቤ፣ የሰው ሒሳብ ይዘው የኖሩ ናቸው። አሁን ባዶአቸውን ግድግዳ ላይ ተሰድረው፣ ምንም የማይረሳ የነበረው ዕቃ ቶሎ በሚረሳ ፍጡር ይታያል።

ስለ እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው የምንጽፈው ምንድን ነው? ስለ ብዛታቸው ነው። «ይህን ሁሉ እንዴት ለቀመው? ስንት ቀን ፈጀበት? እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ይህ አድናቆት ለድካም የሚሰጥ እንጂ ለሥዕል የሚሰጥ አይደለም። ድካሙን ለማድነቅ ሥራውን ማየትም አያስፈልግም፤ ቁጥሩን መስማት ይበቃል። ዓይናችን ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ወደ ቁጥር ይሸሻል፤ እኛም ሽሽቱን ሂስ ብለን እናትመዋለን።

በበኩሌ የኤልያስ ሥራዎች ሦስት ርቀት እንዳላቸው አምናለሁ። አንደኛው የሩቁ ነው። ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ያ ሁሉ ሽቦ ይጠፋና ጥቂት ትልልቅ ቅርጾች ይቀራሉ። ከአውሮፕላን ላይ እንደሚታይ ማሳ፣ እንደ ወንዝ፣ እንደ ገላጣ መሬት ያሉ ቅርጾች። እነዚህን ዓይን ይችላቸዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ናቸውና። ሁለተኛው የቅርቡ ነው። አፍንጫችንን አስጠግተን ስንቆም አንድ ጉንጉን፣ አንድ የኪቦርድ ፊደል፣ አንድ የብየዳ ነጥብ ይታየናል። ይህንንም ዓይን ይችለዋል። አስቸጋሪው መሐሉ ነው። ብዙዎቻችን የምንቆመውም እዚያው ነው፤ ፎቶ ለማንሣት የሚመቸው ርቀት እርሱ ነውና። ከዚያ ሲታይ ቅርጹም ገና አልተሰበሰበም፣ ቁራጩም አይለይም። የቀረው «ብዙ» የሚለው ስሜት ብቻ ነው።

የተሳካላቸው ሥራዎቹ፣ በእኔ ሚዛን፣ ተመልካቹን በዚህ መሐል እንዳይቆም የሚያደርጉት ናቸው። አንድ የቀለም ሰፈር ከሩቅ ይጠራውና ሲጠጋ ሌላ ነገር ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ኋላ ሲመለስ ቅርጹ ያን ዝርዝር ተሸክሞ ይጠብቀዋል። ላክና ቮግል እንዳሉት፣ የተጣመረው ነገር እንደ አንድ ይቆጠራል። ሠዓሊው ሺሁን ወደ ሦስት አጣምሮልናል ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር በእኩል የተጨናነቁት ሰሌዳዎች ግን ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይነፍጉታል። እነዚህ ፊት ስቆም እጁን አደንቃለሁ፤ ስወጣ ግን ይዤ የምወጣው ምስል የለኝም። ይህን ስል ኤልያስን ለማሳነስ አይደለም። በትልቅነቱ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ትልቅ ሠዓሊ ግን የሚከበረው በለዘብታ አይደለም።

የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ይህን የዓይን ወሰን ሳይጠና ያወቁት ይመስለኛል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በጨርቅ ላይ የሚተርከውን የታወቀውን ሥዕል አስታውሱ። አብዛኛውን ጊዜ 44 ሣጥን አለው። አርባ አራቱን በአንድ ጊዜ ማን ይይዛል? ማንም። ሠዓሊውም ያዙልኝ አላለም። በየሣጥኑ ያስገባው ሁለት፣ ሦስት ሰው ነው። ዓይን አንዱን ሣጥን ይጨርስና ወደሚቀጥለው ይሻገራል። የሚያሻግረው ታሪኩ ነው። ዓይን የጣለውን ታሪክ አንሥቶ ይይዝለታል። ገበጣ የሚጫወቱ አዛውንትን ያየ ሰውም ይህን ያውቃል። እርሳቸው ጉድጓድ ጉድጓዱን ቆመው አይቆጥሩም። የጠጠሩን አሰፋፈር እንደ አንድ መልክ ነው የሚያዩት። እ.ኤ.አ. በ1973 ዊሊያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን በቼዝ ተጫዋቾች ላይ ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። የጨዋታ መልክ ያለውን ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ያየ ሊቅ አብዛኛውን መልሶ ሲደረድር፣ ጀማሪው የሚያስታውሰው አራት ያህል ጠጠር ነው። ጠጠሮቹ እንዲሁ ተበትነው ሲቀርቡ ግን ሊቁም ከጀማሪው አይሻልም። የሰለጠነ ዓይን ማለት ትልቅ ማኅደር ያለው ዓይን አይደለም፤ ማጣመር የሚያውቅ ዓይን ነው።

እዚያው መካኒሳ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። ቋንቋቸውን በዓይናቸው የሚቀበሉ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ተናጋሪ ሰው በተርታ ሰባት ያህል ቁጥር ሲይዝ በምልክት የሚግባባው ሰው የሚይዘው አምስት ያህል ነው። ታዲያ ቋንቋቸው ጎደለ? አልጎደለም። ሙሉ ሐሳብ፣ ሙሉ ቀልድ፣ ሙሉ ጠብ ይለዋወጡበታል። ትርጉም የሚያያዘው ነገር ሲኖር አምስትም ይበቃል። እንግዲህ የዓይናችን ማነስ ድህነት አይደለም። ድህነት የሚሆነው የምናጣምርበት ስናጣ ነው።

ወደ ዞማ በተመለስሁባት ዕለት የእህቴን ልጅ ይዤ ነበር። የ16 ዓመት ጎረምሳ ነው። ገና ከበሩ ስንገባ ስልኩን አወጣ። ግድግዳውን፣ አትክልቱን፣ ደረጃውን፣ እኔንም ጭምር አነሣ። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ «ጨረስኩ» አለኝ።

«ምኑን ነው የጨረስኸው?» አልሁት።

«ሁሉንም ይዤዋለሁ፣ ጋሼ። ስልኬ ላይ አለ እኮ።»

«እሺ፣ ስልክህን አታውጣ። ከኋላህ ያለው ግድግዳ ላይ ምን አለ?»

ዘወር ሊል ሲል ትከሻውን ያዝሁት። ሳቀ። ትንሽ አሰበና «ጭቃ» አለ። ቀጥሎም «ክብ የሚመስል ነገር» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እኔም ወረቀቴን አሳየሁት። አራቷን ነገር አይቶ «አንተም እንደኔ ነሃ!» አለና ይበልጥ ሳቀ።

ልጁን ለመውቀስ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊንዳ ሄንክል የተባለች ተመራማሪ ባወጣችው ጥናት፣ ሙዚየም ውስጥ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሡ፣ አንዳንዱን እንዲያዩ ብቻ የተነገራቸው ሰዎች በማግሥቱ ሲጠየቁ ያነሡትን ካዩት ባነሰ አስታውሰዋል። ዓይን «ያዘልኝ» ብሎ ለስልኩ ያስረክባል፤ ራሱ ይለቃል። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ የሚያጽናና ነገርም አለ። ካሜራውን አቅርበው የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ ያነሡት ሰዎች ትውስታቸው አልደከመም። ያላነሡትን ክፍል እንኳ አስታውሰዋል። ስለዚህ ጠላታችን ስልኩ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወስጄ ልሂድ የሚለው ስስታችን ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ለደቂቃ ስለሚቆይ ትውስታ ነው። ይህ በር ጠባብ ነው፤ ቤቱ ግን ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቲሞቲ ብሬዲና ባልደረቦቹ 2,500 የዕቃ ሥዕሎችን አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ እየሰጡ ለሰዎች አሳዩ። ኋላ ከሁለት ሥዕል ያዩትን እንዲለዩ ሲጠየቁ ከመቶ ወደ 90 ለሚጠጋው ትክክል መለሱ። ሁለቱ ሥዕሎች የአንድ ዓይነት ዕቃ ሆነው በጥቃቅን ነገር ብቻ ሲለያዩ እንኳ ብዙም አልተሳሳቱም። ይህ ከላይ ካልነው ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። በጠባቡ በር ሁለት ሺህ ሰው ሊገባ ይችላል፤ ሁሉም በአንዴ ካልተጋፉ። አንድ በአንድ፣ ጊዜ ተሰጥቷቸው የሚገቡ ከሆነ ቤቱ አይሞላም። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል በሚገኘው አርኖልፊኒ ያቀረበውን ትርኢት በአማርኛ «እርጋታ» ብሎታል። ቃሉ ለሥራው ስም ብቻ ሳይሆን ለተመልካቹ የተሰጠ መመሪያ ይመስለኛል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የቀረበው ትርኢቱ «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ነበረው። በመርፌ ዓይን የሚያልፈው ክር አንድ ነው። ጥልፉ የሚሞላው ደጋግሞ በማለፍ ነው።

ይህ ሁሉ የሙዚየም ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሠዓሊዎች ትቼው ባለፍሁ ነበር። ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮናልድ ሬንሲንክና ባልደረቦቹ አንድ ፎቶግራፍና ጥቂት የተለወጠበትን ቅጂ እያፈራረቁ አሳዩ፤ በሁለቱ መካከል ግን ለቅጽበት ባዶ ገጽ ያስገባሉ። ተመልካቹ ትልቅ ለውጥ እንኳ ፊቱ እየተመላለሰ ለብዙ ጊዜ ሳያየው ይቆያል። በዓመቱ ዳንኤል ሳይመንስና ዳንኤል ሌቪን ይህንኑ ወደ መንገድ አወጡት። አንድ ሰው መንገደኛ አስቁሞ አቅጣጫ ይጠይቃል። በመካከላቸው በር የተሸከሙ ሰዎች ያልፋሉ፤ በዚያች ቅጽበት ጠያቂው በሌላ ሰው ይተካል። ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሰውየው መለወጡን አላወቁም።

የእኛ ከተማ ባዶ ገጽ የቆርቆሮ አጥር ነው። አንድ ቀን ይታጠራል። ከወራት በኋላ አጥሩ ሲነሣ ሌላ ነገር ቆሟል። እኛም «እዚህ ጋ ምን ነበር?» እንባባላለን። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ስንቶቻችን በልባችን ልንሥለው ሞከርን? እኔ ሞክሬ ነበር። ለዓመታት የተመላለስሁበት ሰፈር ነው። የመጣልኝ የሽንኩርትና የጥሬ ሥጋ ሽታ፣ የአንድ ቤት በረንዳ፣ አንድ ቁልቁለት ነው። ይህም ስለ መፍረሱ ደግነት ወይም ክፋት ለመከራከር አይደለም፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይሻል። እኔ የምለው፣ ያለፍንበትን ሁሉ ያየነው ይመስለን እንደነበር ነው። ሲጠፋ ነው ዓይናችን አራት ብቻ ይዞ እንደነበር የምናውቀው። ያን ጊዜ ደግሞ ተመልሶ የሚታይ ግድግዳ የለም።

ዞማ በዚህ ረገድ ዕድል ነው። ግድግዳው የተሠራው ከጭቃና ከጭድ ነው፤ ብዙዎቻችን ወይም ወላጆቻችን ባደግንበት ቤት ዕቃ። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ግድግዳውን አንድ ጊዜ አይቶ አልተለየውም። በልጅነቱ ተኝቶ ስንጥቁን ሲቆጥር፣ እድፉን በፈረስና በሰው ሲመስል፣ ለበዓል ሲመረግ ሲያግዝ ኖሯል። ያን ግድግዳ ዛሬ ወረቀት ቢሰጡት ይሥለዋል። ዓይኑ ከእኛ ዓይን የሰፋ ሆኖ አይደለም፤ ስለተመላለሰ ነው። መስከረምና ኤልያስ የጭቃ ግድግዳን ወደ ሙዚየም ማዕረግ ከፍ ሲያደርጉት፣ እንዲህ ያለውንም አስተያየት አብረው የጠየቁን ይመስለኛል። እኛ ግን እንደ ቱሪስት አንድ ጊዜ ገብተን እንወጣለን።

ስለዚህ እኔን ለመሰለ ሂስ ጸሐፊ ሁለት ምክር አለኝ፤ በመጀመሪያ ለራሴ። አንድ ጊዜ ባየው ሥራ ላይ አልፈርድም። ስፈርድም ያየሁትንና የቀረልኝን ለይቼ እናገራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በእኩል ስለተጨናነቁት ሰሌዳዎች የሰጠሁት ፍርድ ራሱ በዚህ ሚዛን ላይ ያለ ነው። ምናልባት ይዤው የወጣሁት ምስል ያጣሁት ሥራው ሳይሰጠኝ ቀርቶ ሳይሆን እኔ ሳልቆይ ቀርቼ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ተመልሼ ካየሁ በኋላ ፍርዴን ብለውጥ አላፍርም።

ለተመልካቹም ቢሆን ስልክህን ቤትህ ትተህ ሂድ አልለውም። ያንሣ። ግን ሲያነሣ ሁሉንም አይዝገን። አንድ ግድግዳ ይምረጥ። ከሩቅ ይየው፤ ይጠጋ፤ ይመለስ። ፊቱን አዙሮ በልቡ ይሣለውና እንደገና ዞሮ ይመልከት። ስህተቱን ሲያይ ይስቅ። ሦስት፣ አራት ነገር ይዞ ይውጣ። በሌላ ቀን ሌላ አራት።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ስልኩ ተበላሽቶ ፎቶዎቹ ሁሉ እንደጠፉ ነገረኝ። ለማጽናናት «አይዞህ» ልለው ስል ቀደመኝ። «ያ ክብ የመሰለኝ ነገር ግን ክብ ነበር እንዴ፣ ጋሼ?» አለኝ። እኔም እርግጠኛ አልነበርሁም። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።